መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ነበር

ስለ በጎ አድራጎት ወሬ በተነሳ ቁጥር የማይቀር አስተያየት አለ። የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ሥራው ማጽናናት ነው ይባላል፤ ታማሚ መጠየቅ፣ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ወጪ መሸፈን። ምርምሩ የሊቃውንቱ፣ የዩኒቨርሲቲውና የመድኃኒት ኩባንያው ጉዳይ ነው፤ ልጇ የታመመባት እናት ላቦራቶሪ ውስጥ ምን ጉዳይ አላት? ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም የማኅበራቱ ወዳጆች ናቸው። አስተያየቱ ግን ስህተት ነው። በተለይ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ስለሚይዙ በሽታዎች ሲነገር እውነቱን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ እዚያ ማኅበሩ ከሌለ ምርምሩም አይጀመርም።

ሊምፋንጂዮሊዮማዮማቶሲስ የተባለውን የሳንባ በሽታ እንውሰድ። ባለሙያዎቹ በአጭሩ ኤል.ኤ.ኤም. ይሉታል። የሚይዘው ሴቶችን ነው ማለት ይቻላል፤ ያውም በአብዛኛው ገና በመውለጃ ዕድሜያቸው ሳሉ። ከአንድ ሚሊዮን ሴቶች ከሦስት እስከ ስምንት የሚሆኑት እንደሚያዙ ይገመታል። ጡንቻ መሰል ሕዋሳት ሳንባ ውስጥ ይራባሉ፤ ሳንባው ቀስ በቀስ አየር ባዘሉ ትንንሽ ከረጢቶች ይወረራል። አንዷ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ሌላዋ ሳንባዋ በድንገት አየር አፍስሶ ይኮማተርና ድንገተኛ ክፍል ትገባለች። አስም ነው ተብላ ለዓመታት የማይጠቅማትን መድኃኒት ስትወስድ የከረመችም አለች።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ሲንሲናቲ ከተማ፣ ሱ በርንስ የምትባል እናት ወጣት ልጇ ይህ በሽታ እንዳለባት ተነገራት። ፈዋሽ መድኃኒት አልነበረም። የሕክምና መጻሕፍቱ ለታማሚዋ አሥር ዓመት ያህል ዕድሜ ነበር የሚሰጧት። በሽታው ከሴት ሆርሞን ጋር ስለሚያያዝ ፕሮጄስትሮን ይታዘዝ ነበር፤ የእንቁላል ማፍሪያቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወጡ ሴቶችም ነበሩ። ይህ ሁሉ መጥቀሙ በአስተማማኝ ጥናት አልተረጋገጠም። እናትየዋ በ1995 ኤል.ኤ.ኤም. ፋውንዴሽንን መሠረተች፤ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የሳንባ ሐኪም የሆነውን ፍራንሲስ ማኮርማክንም የሳይንሱን ሥራ እንዲመራ አሳመነችው።

ይህን ምርምር ከሁሉ በፊት ያነቀው የታማሚ እጦት ነበር። አንድ የሳንባ ሐኪም የሥራ ዘመኑን ጨርሶ አንዲትም የኤል.ኤ.ኤም. ታማሚ ሳያይ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። ሴቶቹ ተበታትነው በየከተማው አሉ፤ እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ሐኪሞቻቸውም አይተዋወቁም። ተመራማሪ በአንድ ሆስፒታል ተቀምጦ ቢጠብቅ ለጥናት የሚበቃ ቁጥር ሳያገኝ ያረጃል። እነዚህን ሴቶች አንድ በአንድ ፈልጎ፣ ስልክ ደውሎ፣ በአንድ አዳራሽ ከሐኪሞችና ከላቦራቶሪ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ያገናኘው ማኅበሩ ነው። ሳንባ የተቀየረላቸው ሴቶች የወጣው የታመመ ሳንባ እንዳይጣል፣ ለምርምር እንዲውል ፈቀዱ። ደማቸውንም ሰጡ። እንዲህ ካለ የታማሚዎች ደም ነው ቪኢጂኤፍ-ዲ የተባለ ፕሮቲን በኤል.ኤ.ኤም. ከፍ እንደሚል የታወቀው። ዛሬ የዚህ ፕሮቲን መጠን ከፍ ካለና የሲቲ ስካን ምስሉም ከተስማማ፣ ብዙ ሴቶች ከሳንባቸው ናሙና ለማስቆረጥ ቀዶ ሕክምና መግባት አይኖርባቸውም።

በ2000 የኤሊዛቤት ሄንስኪ የምርምር ቡድን ከታማሚዎች የተገኘ ናሙና መርምሮ ቲኤስሲ2 የተባለው ዘረ መል በታመሙት ሕዋሳት ውስጥ መበላሸቱን አሳየ። ይህ ዘረ መል ሲበላሽ ኤምቶር የተባለውና ሕዋስ እንዲያድግ የሚያዘው ፕሮቲን ልጓም ያጣል። ኤምቶርን የሚገታ መድኃኒት ደግሞ በዓለም ላይ ነበር። ሲሮሊመስ ይባላል። በ1964 የካናዳ ተጓዦች ከኢስተር ደሴት ካመጡት አፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ የተወሰደ ነው፤ ከ1999 ጀምሮም በአሜሪካ ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎች ይሰጥ ነበር። መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የተለመደው አስተያየት የሚፈርሰው። ታማሚና ቤተሰቡ በስሜት ይመራሉ፣ ሳይንስ የሚጠይቀውን ትዕግሥት አያውቁም ይባላል። እነዚህ ሴቶች ግን ሐኪማቸውን ለምነው ክኒኑን ማስጻፍ ይችሉ ነበር፤ በአሜሪካ ለሌላ በሽታ የተፈቀደን መድኃኒት ማዘዝ አይከለከልም። ሳንባቸው በየወሩ እየተዳከመ ነው፤ የሚጠብቁበት ጊዜ የላቸውም። እነሱ ግን ማይልስ ወደተባለው ሙከራ ገቡ። በአሜሪካ፣ በካናዳና በጃፓን 89 ሰው ተመዘገበ፤ ዕጣው 46ቱን ለሲሮሊመስ፣ 43ቱን ምንም ለሌለበት ማስመሰያ ክኒን ደለደላቸው። የትኛውን እንደሚውጡ እነሱም ሐኪሞቻቸውም አያውቁም። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነው፣ በየጊዜው አፍንጫቸው በመቆንጠጫ ተይዞ፣ ያላቸውን ትንፋሽ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ቱቦ እፍ እያሉ ተለኩ። ማስመሰያውን የወሰዱት በመጀመሪያዋ ሴኮንድ የሚያወጡት የአየር መጠን በአማካይ በወር 12 ሚሊ ሊትር ቀነሰባቸው፤ በዓመት ሁለት ሲኒ ያህል ትንፋሽ ማለት ነው። ሲሮሊመስ የወሰዱት ባሉበት ጸኑ። ክኒኑ ሲቋረጥ ማሽቆልቆሉ ተመለሰ፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በሽታውን የሚይዘው እንጂ የሚነቅለው አለመሆኑም በዚያው ታወቀ። ውጤቱ በ2011 ታተመ፤ በግንቦት ወር 2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሲሮሊመስን ለኤል.ኤ.ኤም. ፈቀደ። ለበሽታው የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው።

እነዚያ 43 ሴቶች አንድ ዓመት ትንፋሽ ከፍለው ነው ሌላው ዓለም እርግጠኛ የሆነው። ይህን ማጽናናት ብሎ መጥራት በደል ነው። ለፕሮጄስትሮን ያልተደረገውን፣ እውነቱን ከምኞት የሚለየውን ፈተና ተሸክመው ያለፉት ታማሚዎቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ፈተና ውስጥ ለመግባት እምነት ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ከማያውቀው ሐኪም ይልቅ እንደሱ ታሞ ከሚያውቀው ሰው የሰማውን ያምናል። እንዲህ ያለ እምነት ደግሞ በበጀት አይገዛም።

መድኃኒቱን የሠራው ኩባንያ ነው፣ የመንግሥት ገንዘብም ገብቶበታል የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ገብቶበታል። ታዲያ ክኒኑ ቀድሞ ነበር፤ ሙከራው ግን ሴቶቹ እስኪሰባሰቡ ጠብቋል። ቲቢ ባልጠፋበት አገር የጥቂቶችን በሽታ ማንሳት ቅንጦት ነው የሚለውን ክርክርም ሰልችቶኛል። ከአንድ ሚሊዮን ሴቶች ከሦስት እስከ ስምንት በሚለው ግምት ቢሰላ ወደ 60 ሚሊዮን ሴቶች ባሉባት ኢትዮጵያ ከ180 እስከ 480 የሚሆኑ ሊኖሩ ይገባል። ስሌት ነው እንጂ ቆጠራ አይደለም። ግን ካሉ የት ነው ያሉት? ሳንባዋ ደጋግሞ አየር የሚያፈስባት ወጣት፣ የአክታ ምርመራዋ ነጻ ሆኖ ሳለ በግምት የቲቢ መድኃኒት የምትጀምር ከሆነ፣ ቲቢን መዋጋቱም በእሷ በኩል ባክኗል።

ችሎታው የለንም የሚለውንም አልቀበልም። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ነው፤ ዛሬ በአገሪቱ ስለ ካንሰር ሲወራ ስሙ የማይነሳበት ጊዜ የለም። 

እንዲያውም ከዚህ አልፌ እላለሁ፦ ጥቂቶችን የሚይዝ በሽታ የራሱ የታማሚዎች ማኅበር ከሌለው ምርምር የለውም፤ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። እዚህ ለመጀመር ደግሞ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መዝገብ ነው፦ ከየሪፈራል ሆስፒታሉ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሳንባቸው ከአንድ ጊዜ በላይ አየር ያፈሰሰባቸው ሴቶች፣ በፈቃዳቸው ስማቸውና ስልካቸው፣ የሲቲ ስካኑ ሲዲ ሳይጠፋ የሚቀመጥበት ቦታ፣ በሦስት ወር አንዴ የሚደውልላቸው ሰው። ይህን ሥራ ሐኪም ተረኛ ሆኖ ሊሠራው አይችልም፤ በቀን የሚያያቸው ታማሚዎች ብዛት አይፈቅድለትም። የእነዚህ ሴቶች እህቶች፣ ባሎችና ጓደኞች ግን ይችላሉ፤ አንድ የሳንባ ሐኪም ከጎናቸው ቢቆም ደግሞ ነገ መጀመር ይቻላል።