በ7,400 ፓውንድ የተሰመረ መስመር

በእንግሊዝ አገር በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ኮሪደር የሚኖሩ ሁለት እናቶችን እናስብ። ሁለቱም ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ ይቀበላሉ። ሁለቱም የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው፤ ልጆቹም አንድ ክፍል ይማራሉ። የአንደኛዋ ደመወዝ ግብር ተቀንሶ በዓመት 7,300 ፓውንድ ነው፤ የሁለተኛዋ 7,500። ከእ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2018 ጀምሮ በወጣው ደንብ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ለነፃ የትምህርት ቤት ምሳ ሲያመለክት የሥራ ገቢው ከ7,400 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። የመጀመሪያዋ ልጅ ትሪውን ይዞ ይሰለፋል፣ ይበላል። የሁለተኛዋ ልጅ ወይ እናቱ ትከፍልለታለች፣ ወይ ዳቦ ተቋጥሮለት ይመጣል። በዓመት 200 ፓውንድ ብልጫ ያገኘችው እናት ወደ 500 ፓውንድ የሚጠጋ የምሳ ወጪ ይጠብቃታል።

መስመሩ ከምሳ አዳራሹ አልፎ የመማሪያ ክፍሉንም ይነካል። ከ2011 ጀምሮ መንግሥት ለድሃ ተማሪዎች ማስተማሪያ የሚሆን ጭማሪ ገንዘብ ለትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ ስሙ ፒዩፒል ፕሪሚየም ነው። አንድ ልጅ ባለፉት ስድስት ዓመታት ውስጥ ለነፃ ምሳ ተመዝግቦ የሚያውቅ ከሆነ፣ በ2025/26 የበጀት ዓመት ትምህርት ቤቱ ስለ እሱ 1,515 ፓውንድ ይቀበላል፤ ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ 1,075። ካልተመዘገበ ምንም የለም። በዚያ ኮሪደር ላይ ካሉት ሁለት ልጆች አንዱ ለንባብ የሚረዳው ረዳት መምህር የሚቀጠርበት ገንዘብ ይዞ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ሌላው ባዶ እጁን።

እንግሊዝ ለድሃ ተማሪ ገንዘብ አላወጣችም ብሎ መክሰስ አይቻልም። ስህተቱ ያለው ድሃውን ለመለየት በቆመው በር ላይ ነው። በሩ ጠባብ ነው፤ ወላጅ ካላንኳኳ አይከፈትም፤ የልጁ ምሳና የትምህርት ቤቱ በጀት ደግሞ በዚሁ በአንድ በር ያልፋሉ። በር የሌለው ማዕድ እንደሚሻል የሚያሳይ ማስረጃ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠራቀም ኖሯል።

ማስረጃው የሚጀምረው በሰሜን እንግሊዝ፣ በሱፍ ፋብሪካዎቿ በታወቀችው ብራድፎርድ ነው። እንግሊዝ በደቡብ አፍሪካ በተዋጋችበት በቦር ጦርነት ጊዜ ለውትድርና ከቀረቡት ወጣቶች ብዙዎቹ በደካማ ሰውነታቸው ተመልሰው ነበርና፣ የድሃ ልጆች ረሃብ በአንድ ጊዜ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። የብራድፎርዱ ፍሬድ ጆዌት በ1906 ፓርላማ ሲገባ የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው ስለ ተማሪዎች ምግብ ነው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የከተማ አስተዳደሮች ተማሪ እንዲመግቡ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በተከታዩ ዓመት የብራድፎርድ የትምህርት ቤቶች ሐኪም ራልፍ ክራውሊ አርባ ያህል ድሃ ልጆችን መርጦ ከፋሲካ በኋላ እስከ በጋው ዕረፍት ድረስ እያስመገበ በየጊዜው መዘናቸው። ቁርሱ የአጃ ገንፎ በወተትና በስኳር ዝቃጭ ማር፣ ከዚያም ዳቦ በማርጋሪን ወይም በሞራ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎ አበባ ይቀመጥ ነበር፤ ልጆቹም እጃቸውን ታጥበው ይቀርባሉ። ክብደታቸው ጨመረ። የጰራቅሊጦስ በዓል ሳምንት መጥቶ ማዕዱ ሲቋረጥ ግን ያገኙትን መልሰው አጡ፤ ትምህርት ሲጀመር እንደገና አንሰራሩ።

ያቺ የዕረፍት ሳምንት ከ113 ዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ መንግሥት ለድሃ ተማሪዎች የሚሰጠውን የምግብ ኩፖን በበጋው ዕረፍት ሊያቋርጥ ሲል፣ በልጅነቱ ራሱ በነፃ ምሳ ያደገው የማንቸስተር ዩናይትዱ ማርከስ ራሽፎርድ ለፓርላማ አባላት ደብዳቤ ጻፈ፤ መንግሥትም በሁለት ቀን ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። ክራውሊ በሚዛን ያሳየውን ነገር አንድ የእግር ኳስ ተጫዋች እንደገና ማስረዳት ነበረበት።

በመካከሉ ሕጉ ብዙ ተመላልሷል። የ1944 ሕግ ምሳ ማቅረብን የአስተዳደሮች ግዴታ አደረገው፤ የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የ1980 ሕግ ደግሞ ግዴታውን በአብዛኛው አነሳው፣ የምግቡን የጥራት ደረጃም ሰረዘው። ከዚያ በኋላ ነፃ ምሳ ማለት የድሃ ልጅ ምሳ ማለት ሆነ።

የዘመኑ ትልቁ ፈተና የተካሄደው ከ2009 እስከ 2011 ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳይወሳ የሚታለፈውም እሱ ነው። በምሥራቅ ለንደን ኒውሃምና በሰሜን ምሥራቅ ደርሃም የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ሁሉ፣ የሐኪም ልጅም የሥራ አጥ ልጅም፣ ያለ ምንም ማመልከቻ በነፃ በላ። በዎልቨርሃምፕተን ደግሞ መንግሥት የገቢ ጣሪያውን ብቻ ከፍ አድርጎ ተጨማሪ ድሃ ልጆችን አስገባ። ሁለት ዓመት ሲሞላ የኒውሃምና የደርሃም ልጆች በሌላ ቦታ ካሉ መሰሎቻቸው ሁለት ወር ያህል ቀድመው ተገኙ። በዎልቨርሃምፕተን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ሁሉም በሚበላበት ቦታ ቀድሞም ነፃ ምሳ የተፈቀደላቸው ልጆች ሳይቀሩ ከበፊቱ በብዛት መብላት መጀመራቸው ነው። ምግቡ ከዚያ በፊትም ለእነሱ ነፃ ነበር። ያልነበረው ሳይለዩ አብሮ የመብላት ነገር ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማን እንደሚከፈልለትና ማን እንደማይከፈልለት አሳምሮ ያውቃል፤ የትምህርት ቤቱ የምሳ ካርድ ምንም ያህል ቢያመሳስለው።

ታዲያ የባንክ ሠራተኛ ልጅ ለምን በመንግሥት ገንዘብ ይብላ? ይህ ጥያቄ ሊናቅ አይገባም። በለንደን ከንቲባው ሳዲቅ ካን ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ለመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ ነፃ ምሳ ሲያስጀምሩ ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ 130 ሚሊዮን ፓውንድ መድበዋል። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ ያልተቸገረ ቤት የገባው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ትምህርት ቤት ሐኪምንም ሆነ ቤተ መጻሕፍትን በገቢ ከፍሎ አይሰጥም፤ የባንክ ሠራተኛውም ድርሻውን በግብር ይከፍላል። ዌልስ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎቿን በሙሉ በነፃ ታበላለች። ስኮትላንድ እስከ አምስተኛ ክፍል ደርሳለች። እንግሊዝ በ2014 የጀመረችውን ለሁሉም የሚሰጥ ነፃ ምሳ ሁለተኛ ክፍል ላይ አቁማዋለች።

ይህ የ2014 እርምጃ ሳይታሰብ ያመጣው ችግር የበሩን ክፋት ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን ዓመት ጨምሮ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ሁሉም በነፃ ስለሚበላ፣ ወላጅ ቅጽ የሚሞላበት ምክንያት የለውም፤ ልጁ በልቷል። ቅጹ ካልተሞላ ግን ልጁ በመዝገብ ላይ ድሃ አይደለም፣ ትምህርት ቤቱም ፕሪሚየሙን ያጣል። ስለዚህ በየመስከረሙ የትምህርት ቤት ጸሐፊዎች በር ላይ ቆመው «ምሳው ነፃ ቢሆንም እባካችሁ ሙሉልን» እያሉ ወላጅ ይለምናሉ። ደብዳቤ ይልካሉ፤ ስልክ ይደውላሉ። የወላጁን ገቢ የግብር መሥሪያ ቤቱ ያውቀዋል፤ ድጎማውን የሚከፍለው መሥሪያ ቤትም ያውቀዋል፤ የማያውቀው ገንዘቡ የሚያስፈልገው ትምህርት ቤት ብቻ ነው። መንግሥት ራሱ በ2013 ባስጠናው ጥናት፣ መብቱ እያላቸው ያልተመዘገቡት 11 በመቶ ያህል ነበሩ።

ለንደን ውስጥ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። አረጋውያንን በመንከባከብ፣ በጽዳት፣ በታክሲ ሥራ የሚተዳደር ወላጅ ፈረቃው ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል፤ ገቢው አንድ ወር ከመስመሩ በላይ፣ ሌላ ወር በታች ነው። ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንዳንዱ ወላጅ የሚያስነብበው በአሥር ዓመት ልጁ ነው። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከመንግሥት ድጎማ የሚያግዳቸው ስደተኞች ደግሞ እስከ 2020 ድረስ አብዛኞቹ ከነፃ ምሳ ውጭ ነበሩ፤ በወረርሽኙ ጊዜ ለጊዜው ተፈቀደላቸው፣ በ2022 ቋሚ ሆነ። መፈቀዱን ሳይሰሙ የቀሩ ይኖራሉ፤ «ማመልከት ፈቃዴን ያበላሽብኛል» ብለው የሚፈሩም አይጠፉም። ፍርሃትን የሚያባርር ቅጽ የለም፤ ለሁሉም የሚቀርብ ሳህን ግን ፍርሃቱን ከናካቴው አያስነሳውም።

የገንዘቡ እጥረትም ይህን ሁሉ አክብዶታል። የፊስካል ጥናት ተቋሙ አይ.ኤፍ.ኤስ. እንዳሰላው፣ ከ2009/10 እስከ 2019/20 ድረስ ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ የዋጋ ንረቱ ሲታሰብ 9 በመቶ ቀንሷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንዳንድ ርዕሰ መምህራን ፕሪሚየሙን የተሰነጠቀ በጀት መድፈኛ አድርገውታል። ሊወቀሱም አይገባም፤ ማሞቂያው ሲቆም ማሠሪያ የሚፈልግ ሰው የገንዘቡን ስም አይመለከትም።

አሁን መስመሩ ሊነሳ ነው። መንግሥት በጁን 2025 እንዳስታወቀው፣ ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚቀበል ቤተሰብ ልጅ ሁሉ በገቢ ሳይለይ ነፃ ምሳ ያገኛል፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጆች ይገባሉ ተብሏል። የኮሪደሩ ሁለተኛ እናት 500 ፓውንዷ ይተርፍላታል። ይህ ብዙ ዓመት የተለፋበት እውነተኛ ድል ነው።

ይሁንና ቅጹ አልጠፋም፤ ፕሪሚየሙም አዲሱን መስመር አልተከተለም። በማስታወቂያው መሠረት ለትምህርት ቤቶች የሚከፈለው ጭማሪ ገንዘብ በአሮጌው የገቢ ጣሪያ ይቀጥላል። ያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በስድስት ሰዓት ተኩል ምሳ አዳራሽ ሲገባ መንግሥት ድሃ ብሎ ያበላዋል፤ በሰባት ሰዓት ተኩል ወደ ክፍሉ ሲመለስ፣ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ከድሃ አይቆጠርም፤ ለንባብ የሚረዳውን መምህር ለመቅጠርም በስሙ የሚመጣ ገንዘብ የለም።