ሰባት ዓመቱ ላይ ያስተካከለው ቃል

ሮን ሃዋርድን በስሙ ባታውቁት እንኳ «አፖሎ 13» የተባለውን ፊልም ያያችሁ ሥራውን ታውቃላችሁ። ዳይሬክተሩ እሱ ነው። «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» በተባለው የ2001 (እንደ አውሮፓውያን) ፊልሙ ደግሞ ኦስካር አግኝቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን አስተዳደጉ ነው።

በ1960 «ዘ አንዲ ግሪፊዝ ሾው» በተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ መተወን ሲጀምር 6 ዓመቱ ነበር። ማንበብ ስለማይችል የሚናገረውን በቃል ያስጠናው አባቱ ራንስ ነው፤ እሱም ተዋናይ ነበር። እንደ በቀቀን እንዲደግም ብቻ አላደረገውም፤ ልጁ በታሪኩ ውስጥ ለምን እንደዚያ እንደሚል ያስረዳው ነበር።

7 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሮን አንድ ንግግር ልጅ የሚናገረው ዓይነት አልመስልህ አለው፤ ይህንኑም ለዳይሬክተሩ ነገረው። ታዲያ ልጅ እንዴት ይለው ነበር ተብሎ ተጠየቀ። መለሰ፤ እንዳለውም ተቀረጸ። እኛ ቤት ቢሆን «ትልቅ ሰው ሲያወራ ጣልቃ አትግባ!» ተብሎ ያበቃ ነበር።

ሁሉም ልጅ እንዲህ አልታደለም። በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር የተወነው ጃኪ ኩጋን ሚሊዮኖች አግኝቶ ነበር፤ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ገንዘቡን እናቱና የእንጀራ አባቱ አጥፍተውት አገኘው። ከስሷቸው የተረፈው 126,000 ዶላር ብቻ ነው። በዚሁ ሰበብ ካሊፎርኒያ በ1939 የልጅ ተዋናይ ገቢ ከፊሉ እንዲቀመጥለት ሕግ አወጣች። ዛሬ ልጆቻችሁን ቲክቶክ ላይ የምታቀርቡ ወላጆች ይህን አስቡበት፤ እንቅልፋቸውንም ጭምር። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ቀረጻ አለ ብሎ ሰውነቱ አይምረውም።

ሮን ካደገ በኋላም ዳይሬክተርነቱን በነጻ የሰጠው የለም። ፕሮዲዩሰሩ ሮጀር ኮርማን መጀመሪያ በእኔ ፊልም ተውንልኝ አለው፤ በ1976 ተወነለት። በ1977፣ በ23 ዓመቱ፣ «ግራንድ ቴፍት አውቶ» የተባለውን ፊልም ዳይሬክት አደረገ። ጽሑፉን አብሮት የጻፈው ያው አባቱ ነው።

«አፖሎ 13»ን ደግማችሁ ካያችሁ፣ የጠፈርተኛውን እናት ሆነው የተወኑትን አሮጊት ልብ በሉልኝ። የሮን እናት ጂን ናቸው። ራንስም ቄስ ሆኖ ብቅ ይላል።