ፓራፋንጎው ይቃና ወይስ ይቀየር?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ ካለች አንዲት ጋራዥ ደጃፍ ተሰብስበን የከሰዓቱን ጨዋታ እንገምታለን። የአርሴናሉ ደጋፊ የማንቸስተሩን ያበሽቃል፣ የማንቸስተሩ የድሮ ዋንጫ ይቆጥራል። የተለመደው ነው። ክርክሩን ያቋረጠችው አንዲት ቮልስ ነች። የግራ የፊት ፓራፋንጎዋ ተጨማዶ፣ ጫፉ በዝገት ተበልቶ፣ እየተንገጫገጨች መጣች። ባለቤቷ ወዳጃችን ነው፤ መኪናዋን ያወረሱት አባቱ ናቸው። ወረደና ጥያቄውን ጣለልን።

"ይቃና ወይስ አዲስ ልግዛ?"

በቃ! አርሴናልም ማንቸስተርም ተረሱ። ጋራዡ ለሁለት ተከፈለ።

"አዲስ" ስንል ግን እንዳንሸዋወድ። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እስከዚያ ድረስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። ዛሬ "አዲስ" ተብሎ የሚሸጠው ፓራፋንጎ አብዛኛው ሌላ ፋብሪካ አስመስሎ ያወጣው ነው። የእኛ ሰው ከየትም ይምጣ "ታይዋን" ብሎ ይገላገለዋል።

የ"ይገዛ" ቡድን በማጥቃት ጀመረ። "የቮልስ ፓራፋንጎ በቡሎን የታሰረ ነው። ትፈታለህ፣ አዲሱን ታስራለህ፣ ትቀባለህ፣ አለቀ! ባትላሜራ ግን ሳምንት አመላልሶህ መጨረሻ ላይ ስቱኮ ለስኖ ያስረክብሃል።" እውነት ለመናገር ይሄ ጎል ነው። ስቱኮ የተቆለለበት ላሜራ የጉለሌን ኮረኮንች ጥቂት ከተንገጫገጨ በኋላ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ክረምት ውሃ ይገባል፣ ከቀለሙ ሥር ዝገቱ ሥራውን ይቀጥላል።

የጋራዡ ሽማግሌ ባትላሜራ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆዩና ፓራፋንጎውን በጣታቸው አንኳኩ። "ስሙት እስቲ። ይሄ ላሜራ ነው። ተጨማደደ እንጂ አልሞተም" አሉ።

እኔ ከጋሼ ጎን ተሰለፍኩ። ምክንያት አለኝ። አምና አንድ ጎረቤቴ "ታይዋኑን" ገዝቶ መጣ። ሲታሰር የቡሎኑ ቀዳዳ አልገጥም አለ። የመብራቱ ጎድጓዳ ወደ ሰማይ ያያል፣ ከኮፋኖው ጋር ያለው ክፍተት ጣት ያስገባል። ላሜራውም ስስ ነው፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ገባ ወጣ ይላል። ቀዳዳ ተሰፋ፣ ጠርዝ ተሞረደ፣ መጨረሻ ላይ ማን ያስተካክለው? ባትላሜራው! ሰውየው ሁለቴ ከፈለ።

በዚያ ላይ የምንዛሪው ነገር አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ወዴት እንደሄደ ለአንባቢ አይነገርም። የጋሼ መዶሻ ግን ዶላር አይጠይቅም።

ይህን ስል ግን ጭፍን ደጋፊ አይደለሁም። ዝገቱ የመኪናዋን ወለል ከበላው፣ ወይም ቡሎኑ የሚታሰርበት ቦታ ከረገፈ፣ "የአባቴ ናት" እያሉ በጥገና ላይ ጥገና መደረብ አደጋ ነው። ያኔ ይገዛ! ጭምድድ ያለው ግን ይቃና፤ ጫፉ የተበላው ተቆርጦ በተመሳሳይ ውፍረት ላሜራ ይበየድ። ባለመኪናውም አንድ ነገር ይልመድ፦ "ከስቱኮ በፊት ልየው" ይበል። ጥሩ ባትላሜራ በዚህ አይቀየምም።

የስፖርት ገጽ ላይ ቮልስ ምን ትሠራለች የሚል አይጠፋም። እንግዲህ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ያ አምበል በኋላ ጣሊያን ሄዶ የመኪና ጥገና ጋራዥ ከፍቶ ኖሯል፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። ኳስም ጋራዥም የእጅና የእግር ሙያ ነው። ሁለቱም ከታላቅ ወደ ታናሽ ካልተላለፉ ይጠፋሉ።

የእኔ ስጋት ይሄው ነው። ዛሬ ጋራዥ የሚገባው ልጅ መፍታትና ማሰር ይማራል እንጂ ማቃናት የሚያስተምረው ሥራ እያጣ ነው። ክለቦቻችንም እንደዚያው። ታዳጊው ትንሽ ሲጨማደድ "ይቀየር!" ብለን ከውጭ እናስመጣለን። የውጭ ግብ ጠባቂ ጉዳይ ስንት ዓመት አከራከረን? ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ የቀረበው ቡድን ግን አብዛኛው በአገር ውስጥ ክለብ የተቃና ልጅ ነበር። ከውጭ መግዛት ኃጢአት አይደለም። የሚያቃና ሰው ሳይኖር መግዛት ነው ችግሩ፤ የተገዛውም ነገ ይጨማደዳላ!

ጉለሌ ይህ አይጠፋውም። ሽሮ ሜዳ በሸማኔ፣ ቀጨኔ በሸክላ ሠሪና በብረት ቀጥቃጭ እጅ የኖረ ሰፈር ነው። ቮልስም እዚህ የኖረችው በምክንያት ነው። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ውሃ አታፈላም። ሞተሩ ከኋላ፣ በሚገፋው ጎማ ላይ ስለተቀመጠም የእንጦጦን አቀበት ትወጣዋለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውም ቮልስ ናት። እንዲህ ያለች መኪና ፊቷን በታይዋን ስንለውጥባት ትንሽ አይከብድም?

ወዳጃችን ቁልፉን ለጋሼ ሰጠ። "ሐሙስ ና፣ ሳልለስነው እየው" አሉት። እኛም አብረን ልናይ ተቀጣጥረናል። የከሰዓቱን ጨዋታ ውጤት ግን፣ ይቅርታ፣ ሁላችንም ተሳስተናል።