ጠብመንጃ ያነሣውን ገበሬ ማን ይመልሰው?

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። በየመኝታ ቤቱና በየምግብ አዳራሹ ስለ አገር ቤት ጦርነት የምንከራከር ተማሪዎች ይህን ምሳሌ አጥብቀን ልንይዘው ይገባናል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ቢቸና፥ ከቁይ እስከ ሞጣ፥ የጎጃም ደጋ ገበሬ ከ2015 ዓ. ም. ጀምሮ በሁለት ወገን ተከፍሎ መሣሪያ አነሣ። አንዱ ፋኖ ተብሎ ዱር ገባ፤ ሌላው የቀበሌ ሚሊሺያ ተብሎ ከመንግሥት ጎን ቆመ። ሁለቱም ግን አንድ ደብር የሚሳለሙ፥ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ፥ በደቦ አብረው ያጨዱ ሰዎች ናቸው።

ጥያቄአችን ማን ጀግና ነው የሚል አይደለም። ጥያቄአችን፦ ገበሬውን ለጦርነት የጠራ ኹሉ፥ መመለሻውን አስቦለት ነበርን?

ታሪኩ ሩቅ አይደለም። በጥቅምት ወር 2013 ዓ. ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲፈነዳ የአማራ ልዩ ኃይል፥ ሚሊሺያውና ፋኖው ከመከላከያ ሠራዊት ጋር ተሰለፉ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎንና ሰሜን ሸዋን ባዳረሰ ጊዜ፥ መሣሪያ ያለው ኹሉ እንዲዘምት በይፋ ታወጀ፤ ገበሬውም ዘመተ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ. ም. በፕሪቶርያ ስምምነት ሲፈረም ግን ፈራሚዎቹ የፌዴራሉ መንግሥትና ሕወሓት ብቻ ነበሩ። ስምምነቱ የሕወሓት ተዋጊዎች ትጥቅ ፈትተው ስለሚቋቋሙበት ሁኔታ ሲናገር፥ በሌላው ወገን የዘመተው ገበሬ እንዴት እንደሚመለስ አልዘረዘረም። አምስት ወር ያህል እንደ ቆየም የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ። ተቃውሞው ወደ ተኩስ ተለወጠና፥ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ. ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ጎጃም እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞም አይቶታል። በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ጣልያንን ሲወጋ ኖሮ ደጃዝማች ተባለ፤ ኋላ ግን ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1937 ዓ. ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። በ1960 ዓ. ም. የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፥ የሞጣ፥ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ «ርስቴ ሊለካ፥ ሊወሰድብኝ ነው» ብሎ ሸፈተ። ጦር ተላከበት፤ አይሮፕላንም ተላከበት። ነገሩ የበረደው ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከተነሡና ግብሩ ከቀረለት በኋላ ነው። ገበሬው ወደ እርሻው የተመለሰው ጥያቄው ሲሰማለት መሆኑን ልብ እንበል።

የውጭውን ዓለም ብንመለከት ደግሞ የኢራቅን ነገር እናገኛለን። በሰኔ 2006 ዓ. ም. ሞሱል በወደቀች ጊዜ የሺዓው ታላቅ የሃይማኖት መሪ አያቶላ ሲስታኒ ሕዝቡ አገሩን እንዲከላከል ጠሩ፤ ብዙ ሺሕ ወጣት ተነሣ። ሐሽድ አል ሻዕቢ የተባሉት የሺዓ ሚሊሺያዎች በዚያ ጥሪ ገነኑ። በኅዳር 2009 ዓ. ም. ምክር ቤቱ በሕግ የመንግሥት ኃይል አደረጋቸው፤ ደመወዝም ተቆረጠላቸው። ሆኖም ብዙዎቹ ክፍሎች ለየአለቆቻቸውና ለየፓርቲዎቻቸው መታዘዛቸውን አልተዉም። እንግዲህ የተጠራውን ሰው ማሳደድ ብቻ ሰላም እንደማያመጣ ከጎጃም፥ ደመወዝ መስጠት ብቻም እንደማይበቃ ከኢራቅ እንማራለን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሕግ ካላከበረ ጋር ምን ንግግር አለ?» ይላሉ። ሌሎችም «መነጋገር መሸነፍ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ዋጋውን የሚከፍለውን ሰው ዘንግተዋል። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ. ም. በመርዓዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አረጋግጧል። ይኸው ኮሚሽን የታጠቁ ቡድኖችም ሲቪሎችንና የመንግሥት ሠራተኞችን እንደ ገደሉ ዘግቧል። በክልሉም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ቀርተዋል። ነገ በእኛ ወንበር ሊቀመጡ የሚገባቸው እነዚህ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፥ የሚደረገው ንግግር ኹሉ የአለቆችን ሥልጣን ብቻ ሳይሆን፥ የፋኖውንም የሚሊሺያውንም ተራ ገበሬ መመለሻ የሚወስን ይሁን፤ ምሕረቱ፥ የእርሻ መሬቱና ከበቀል የሚጠበቅበት ዋስትና በጽሑፍ ይስፈሩለት። ሁለተኛ፥ ጎረቤት ከጎረቤት የተቃባበት ደም በአዋጅ ብቻ አይደርቅምና፥ ሽማግሌዎችና ካህናት እንደ አገሩ ልማድ ደም እንዲያደርቁ ዕድል ይሰጣቸው፤ ይህም ሰላማዊ ሰው የገደለውን ከፍርድ አያድነው። ሦስተኛ፥ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የማንም ምሽግ አይሁኑ።

ለራሳችንም አንድ ቃል አለን። በብርሃን ክፍል ተቀምጠን «በርታ! በለው!» ማለት ቀላል ነው፤ ጥይቱ አይደርሰንምና። ተማሪ የተባለ ግን ከማጨብጨቡ በፊት ይጠይቅ፦ ይህ ሰው በሰኔ ማሳውን ማን ያርስለታል? ልጁንስ በመስከረም ማን ወደ ትምህርት ቤት ይወስድለታል? ለዚህ መልስ የሌለው ሰው፥ ከየትኛውም ወገን ይሁን፥ ሌላውን «ዝመት» ለማለት መብት የለውም።