ቀበቶ አስታጥቆ ኩንታል ማሸከም

ብረት በሚያነሡት የሰፈራችን ወጣቶችም ሆነ በወፍጮ ቤቱ በር በሚሸከሙት ዘንድ ወፍራም ቀበቶ መታጠቅ እየተለመደ መጥቷል። መታጠቁን አንነቅፍም። የምንነቅፈው «ቀበቶ ታጥቋል፣ ምን ይሆናል!» የሚለውን አነጋገር ነው።

ቀበቶው ራሱ ክብደት አይሸከምም። ብረት አንሺው አየር ስቦ፣ ሆዱን ወጥሮ ቀበቶውን ሲገፋው በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና አከርካሪውን ይደግፋል። ሆዱን ሳይወጥር የታጠቀ ሰው ሱሪውን ከመያዝ ያለፈ ብዙም ጥቅም አያገኝም። እስትንፋስ መያዝ ደግሞ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋልና የደም ብዛት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው።

ቀኑን ሙሉ የሚሸከመውስ? በአሜሪካ በ160 መደብሮች ከ9,000 በላይ ሠራተኞችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት ቀበቶው የወገብ ሕመምንም ሆነ ጉዳትን እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክር፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ የሚበልጥ ከሆነ በፍጥነት ወደዚያ ልክ እንዲወርድ አሳስቧል። እኛ ግን ጤፍ ስናስመጣ 100 ኪሎ በአንድ ልጅ ጀርባ ላይ እንጭናለን፤ በዋጋውም እንከራከራለን!

ስለዚህ እህል የሚያስመጣ ነዋሪ ገና ከነጋዴው ዘንድ በሁለት ማዳበሪያ ያስሞላው። ሁለት ምልልስ ነውና የሁለት ዋጋ ይክፈል። ብረት የምታነሡ ልጆችም ቀበቶውን ለከባዱ ብረት ብቻ አቆዩት፤ ለማሟሟቂያው አያስፈልግም።