በገናውን ማን ይንካው?

ቪየና ከተማ፣ ዛይለርሽቴተ በሚባለው ጎዳና ላይ ባለ አንድ የድሮ ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ማንም መንገደኛ ገብቶ የቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራን መምራት ይችላል። የመሪነቱን ዘንግ ይይዝና ትልቅ ስክሪን ፊት ይቆማል። ሙዚቀኞቹ በስክሪኑ ላይ መሣሪያቸውን አንሥተው እጁን ይጠባበቃሉ። እጁን ሲያፈጥን ይፈጥናሉ፣ ሲያዘገይ ያዘግማሉ። ምቱን ጨርሶ ከሳተው ግን መጫወታቸውን ያቆሙና ፊት ለፊት ይወቅሱታል። እንዲህ ተወቅሶ እንደገና ዘንጉን ያነሣ ልጅ የኦርኬስትራ መሪ ሥራ ምን እንደሆነ ከማንም ማብራሪያ በተሻለ ይገባዋል።

ቤቱ ሃውስ ደር ሙዚክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ነው የተከፈተው። በዚያው ሕንጻ ውስጥ በአንድ ወቅት ኦቶ ኒኮላይ ይኖር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1842 የቪየና ፊልሃርሞኒክን የመሠረተው እሱ ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ራሱ ፒያኖ ነው፤ እግር ባረፈበት ቁጥር ድምፅ ይሰጣል። ከፍ ሲሉ ድምፅ እንዴት እንደሚፈጠርና ጆሮ እንዴት እንደሚቀበለው በእጅ እየነኩ የሚማሩበት ፎቅ አለ። ሃይድን፣ ሞዛርት፣ ቤትሆቨን፣ ሹበርትና ማህለርም የየራሳቸው ቦታ ተሰጥቷቸዋል።

ጎብኚው ሲጨርስ ወዴት ይሄዳል? ወደ ቡና ቤት። በቪየና ሙዚቃና ቡና ተለያይተው አያውቁም። የከተማዋን የመጀመሪያ የቡና ቤት ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1685 ያወጣው ዮሐንስ ዲዮዳቶ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ነበር። ቤትሆቨን ለአንድ ስኒ 60 ፍሬ ቡና ቆጥሮ ያፈላ እንደነበር አንቶን ሺንድለር የተባለው ረዳቱ ጽፏል። ከቡናው ጎን የሚቀርበውን የሳኸር ቸኮሌት ኬክ እ.ኤ.አ. በ1832 ለልዑል ሜተርኒኽ እንግዶች የጋገረው ደግሞ ፍራንዝ ሳኸር የተባለ የ16 ዓመት የወጥ ቤት ተለማማጅ ነው ይባላል። ወደ ጀርመን፣ ወደ ላይፕሲክ ስንሻገር ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ወጣት ሙዚቀኞችን ይዞ በጺመርማን ቡና ቤት ኮንሰርት ያቀርብ ነበር። ቡና አልተውም ባለች ልጅና በተቆጣ አባቷ መካከል ያለውን ክርክር የሚተርክ ካንታታም እ.ኤ.አ. በ1734 ገደማ ጽፏል።

በእንዲህ ያለ የሙዚቃ ቤት ውስጥ ቡናው ጌጥ አይደለም። ሙዚቃ የሰማ ሰው ወዲያው ታክሲ ከተሳፈረ የሰማው ነገር አይረጋለትም። መቀመጥ፣ ከጎኑ ያለውን ሰው አንተስ እንዴት ሰማኸው ብሎ መጠየቅ ያስፈልገዋል። ይህን ለከምባታዋ ከተማ ለዱራሜ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በከምባታ ቡናው ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ይለቀማል። ዝንጅብሉ ከሐደሮ ይመጣል። ጎረቤት ሳይጠራ ቡና አይፈላም፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜም ስንት ጉዳይ ተነሥቶ ይወድቃል። ቪየናዎች ከተማቸውን ያስጠሩበት የቡና ወግ በዱራሜ የየቤቱ የዕለት ኑሮ ነው። የጎደለው የሙዚቃ ቤቱ ነው።

በአገራችን ለእንዲህ ያለው ቤት የሚቀርበው ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ከዱራሜ በሆሳዕና አድርጎ አዲስ አበባ የገባ ሰው ሳያየው ባይመለስ መልካም ነው። ሕንጻው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1961 ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ዛሬም ይጎበኛል። ከቅርሶቹ መካከል የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ስብስብ አለ፤ በገናው፣ ክራሩ፣ መሰንቆው፣ ዋሽንቱ፣ እምቢልታው፣ መለከቱ፣ ከበሮውና ጸናጽሉ። እነዚህን ያሰባሰቡና የጠበቁ ሰዎች ትልቅ ውለታ ውለዋል። ያ ስብስብ ባይኖር ኖሮ ብዙው ዕቃ በየቤቱ ጓዳ ምስጥ በልቶት ይቀር ነበር።

ስብስቡ ግን ለዓይን የተሰናዳ ነው፤ የሙዚቃ መሣሪያ ደግሞ በዓይን ብቻ አይታወቅም። በገናን እንውሰድ። አሥር አውታር አለው፤ አውታሩ ከበግ አንጀት ይሠራል። ሲያዩት ክራር አድጎ ረዝሞ ይመስላል። ድምፁን ከክራር የሚለየው ነገር በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ መካከል የምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ናት። እንዚራ ትባላለች። አውታሩ ሲመታ እንዚራዋን እየነካ ይንቀጠቀጣል፣ ያ ወፍራም ንዝረት ያለው ድምፅ የሚወጣውም ከዚህ ነው። እንዚራዋን ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ ሲገፏት ድምፁ ይለወጣል። አንድ ተማሪ ይህን በጣቱ ሞክሮ ካየ፣ በዐቢይ ጾም በሬዲዮ የሚሰማው የበገና ድምፅ ከዚያ ወዲያ ሌላ ይሆንበታል። አለሙ አጋን የመሰሉ ባለ በገናዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ይህንኑ የጣትና የጆሮ ዕውቀት ነው።

ከሁሉም በላይ ለመነካት የተፈጠረው ግን እምቢልታ ነው። አንድ እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይጫወትም፤ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት ሰው ሦስት እምቢልታ ይዞ ይቆማል፣ እያንዳንዱም ተራውን ጠብቆ የራሱን ድምፅ ይጨምራል። ዜማው በሦስቱ መካከል ይሠራል፤ አንዱ ከዘገየ ይፈርሳል። ቪየናዎች በኮምፒውተር፣ በስክሪንና በኤሌክትሮኒክ ዘንግ የገነቡትን የማሳተፍ ዘዴ የእኛ አባቶች በሦስት ቱቦ ጨርሰውታል። ሦስት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን አቁሞ እምቢልታ ቢያስይዟቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በሳቅና በትርምስ ያልፋሉ፤ ከዚያ በድንገት ዜማው ይገጥማል። ሙዚቃ በጋራ እንዴት እንደሚሠራ ለማስተማር ከዚህ የቀለለና ወጪው ያነሰ መንገድ አይገኝም።

ክላሲካል ሙዚቃ ሲባል የፈረንጅ ብቻ አድርጎ የሚያስብ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ ዜማን በሦስት ስልት አደራጅቷል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሥርዓት አስይዘዋል። ባኽ የተወለደው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው።

የአውሮፓውም ሙዚቃ ቢሆን ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶች በናስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የአገሪቱን የዚያን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አንድ ትውልድ ሙዚቀኛ አሠለጠኑ። ቪየናን ከቡና ቤት ጋር ያስተዋወቀው አርመናዊ ነበር፤ አዲስ አበባንም ከኦርኬስትራ ጋር በማስተዋወቅ አርመናውያን ትልቅ ድርሻ አላቸው።

በዚያው በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የከንቲባ ገብሩ ልጅ ተወለደች። በስድስት ዓመቷ ወደ ስዊዘርላንድ ተልካ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማረች፤ በኋላም ካይሮ ሄዳ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለው ፖላንዳዊ ቫዮሊኒስት ዘንድ ሠለጠነች። ለንደን ሄዳ እንድትማር ዕድል ከተገኘ በኋላ ግን መሄዱ ተከለከለ። ምግብ እምቢ ብላ እስከ ሞት ደጃፍ ታመመች፣ ከዚያም መነኮሰች። እኚህ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። ግሸን ማርያም ገዳም ለዓመታት በባዶ እግራቸው ኖረዋል። የፒያኖ ሥራዎቻቸው የያሬድን ዜማ፣ ትዝታንና የአውሮፓን ክላሲክ አንድ ላይ ያስሰማሉ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ። አሸናፊ ከበደም አሉ፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ለዋሽንትና ለኦርኬስትራ የጻፉ፣ የእኛን ሙዚቃ ለውጭው ዓለም በምርምር ያስረዱ ሰው። የእነዚህን ሰዎች ሥራ ሄድፎን አድርጎ፣ ስኒ ቡና ይዞ፣ በወንበር ተቀምጦ የሚሰሙበት አንድ ክፍል መኖር አለበት። ለምን በአዲስ አበባ ብቻ?

ዱራሜ ድምፅ ያላት ከተማ ናት። በመስከረም በሚከበረው የመሳላ በዓል የከምባታ ወጣት በቡድን እየዘፈነና እያጨበጨበ አደባባዩን ይሞላል፤ በሆሳዕና በኩል ሀዲያዎች ያሆዴን ያከብራሉ። በቃለ ሕይወት አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን ድምፅ ከፋፍለው ሲዘምሩ ይሰማል፣ በኦርቶዶክሱ ደጅ የያሬድ ዜማ አለ፣ ወደ ሀላባ ወረድ ሲሉ መንዙማ ይቀበላል። ከምባትኛ በትምህርት ቤት የሚማሩበትና የሚጻፍ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ የአዛውንቶቹን ዘፈን ግጥም የሚጽፍ እጅ አይጠፋም። የአምበሪቾ ተራራን 777 ደረጃ ለመውጣት ከየቦታው እንግዳ ይመጣል። ያ እንግዳ ከተራራው ሲወርድ ምን ሊሰማ ይችላል? ዛሬ የሚሰማው ካፌ ውስጥ የተከፈተ ቴሌቪዥን ነው።

በዱራሜ የሚነካ የሙዚቃ ቤት ይከፈት ቢባል፣ ዕቃው በሰው እጅ ብዛት ይሰበራል የሚል ስጋት ሊነሣ ይችላል፤ ስጋቱ ትክክል ነው፣ መፍትሔውም ተገኝቷል። አሜሪካ ፊኒክስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው የሙዚቃ መሣሪያዎች ሙዚየም ዋናዎቹን መሣሪያዎች ከእጅ ያርቃቸዋል፤ ጎብኚው ወደ አንዱ ማሳያ ሲጠጋ በሄድፎኑ የዚያ አገር ሙዚቃ ይከፈትለታል። ለእጅ ደግሞ ሌላ ክፍል አለ፤ እዚያ ያለው መሣሪያ ሁሉ እንዲመታ፣ እንዲነፋ፣ እንዲገረፍ የተቀመጠ ነው። ለንደን ያለው ሆርኒማን ሙዚየምም የሚነካውንና የማይነካውን ለይቷል። የዚያ ሙዚየም የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ጂን ጄንኪንስ ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው የየአካባቢውን ሙዚቃ በቴፕ ቀድተዋል። ስለዚህ የእኛ ድምፅ ወደ እንዲህ ያለ ቤት መንገዱን ካወቀ ቆይቷል።

ዱራሜ ለመጀመር ቤተ መንግሥት አያስፈልጋትም። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ካምፓስ አለው፤ አንድ ሰፊ ክፍል ከዚያ ወይም ከባህል አዳራሽ ቢገኝ ይበቃል። ክራር፣ መሰንቆና በገና ዛሬም አዲስ ይሠራሉ፣ ይሸጣሉ፤ ለልጆች እጅ የሚሆነው አዲሱ ነው። ሦስት እምቢልታ። አንድ ኪቦርድ፤ ይህ በየቤተ ክርስቲያኑ ስላለ ተጫዋቹም አይታጣም። የእማሆይን ፒያኖ፣ የአለሙ አጋን በገና፣ የባኽን የቡና ካንታታና የአካባቢውን አዛውንት ድምፅ የጫኑ ጥቂት ታብሌቶችና ሄድፎኖች። በር ላይ ጀበና፣ ረከቦትና የከተማዋ ዳቦ ቤት የጋገረው ኬክ፣ ለሚወድ ደግሞ ትኩስ ቆጮ። የቡናው ገቢ የአውታር መቀየሪያ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ቀድሞ መደረግ ያለበትና ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ሥራ አለ። የድሮውን የመሳላ ዘፈን ከነግጥሙ የሚያውቁ ሰዎች በዕድሜ የገፉ ናቸው። ስልክ የያዘ ተማሪ ደግሞ በየቤቱ አለ። የከተማው ባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎችና የከምባትኛ መምህራን ተነጋግረው ለመጪው መስከረም ተማሪዎቹን ቢያሰማሩ፣ እያንዳንዱ ልጅ የአያቱን ዘፈን፣ የዘፋኙን ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን ጨምሮ ቢቀዳ፣ የሙዚቃ ቤቱ የመጀመሪያ መደርደሪያ በአንድ በዓል ሰሞን ይሞላል።