ዋቱ በዛ፤ ቃሉ ጠፋ

ስፒከር የምንገዛው በዓይናችን ነው። ሱቅ ገብተን ቁመቱን እንለካለን፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት እናነባለን፣ ዋጋ እንከራከራለን፣ አስጭነን ወደ ቤት። «ሳሎንህ ስንት በስንት ነው? ወለሉስ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሻጭ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ገዢውም ቢጠየቅ የሚቀየም ይመስለኛል። ስፒከር ሊገዛ መጣ እንጂ ቤት ሊያስለካ አልመጣ!

እኔ ግን የስፒከሩ ግማሽ ሳሎኑ ነው እላለሁ። የዛሬውን የኮንዶሚኒየም ሳሎን እስቲ ተመልከቱት። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮንክሪት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ አንዱ ወገን መስተዋት። ድምፅ የሚያርፍበት ለስላሳ ነገር ስለሌለ ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም ይቆያል። የድሮው የጭቃ ቤት ሌላው ሁሉ ቢጎድለው የአቡጀዲ ኮርኒስ ነበረው፤ ጨርቁ የድምፁን ትርፍ ይውጥ ነበር።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1895 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ አስቸጋሪ የማስተማሪያ አዳራሽ ነበር፤ የተናገሩት ቃል ከ5 ሰከንድ በላይ ያስተጋባ ነበር። መላ እንዲፈልግ የታዘዘው ወጣቱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሴባይን ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ በሌሊት እያስመጣ ደረደረበት። ትራሱ በበዛ ቁጥር ማስተጋባቱ አጠረ።

እኛ ዘንድ ጉዳቱ ይብሳል ባይ ነኝ። አማርኛ በመጥበቅና በመላላት ትርጉም የሚለይ ቋንቋ ነው። «አለ» ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ይነግረናል። ይህ ልዩነት በፊደል አይጻፍም፤ መኖሪያው ጆሮ ነው። ስንትና ስንት ሰምና ወርቅ የተንጠለጠለው በዚችው ላይ ነው! ሳሎኑ ሲያስተጋባ አንዱ ቃል በሌላው ላይ ይተኛል፤ የጠበቀውና የላላው ይደበላለቃል። «የዘንድሮ ዘፈን ግጥም የለውም» ከማለታችን በፊት ግጥሙ መሰማቱን እናረጋግጥ።

«ዋት ቢጨመርስ?» የሚሉኝ አሉ። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ የጎላ እንዲመስል ዋቱ ወደ 10 እጥፍ ማደግ አለበት። በዚያ ላይ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ሳሎን 43 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ባስ ራሱ ያጎላዋል። ትልቁን ስፒከር ጥግ ውስጥ ስንወትፈው ደግሞ ይብስበታል። ያ «ባስ» ብለን የምንኮራበት ጉርምርምታ የክፍሉ ማጓራት ነው፤ ግድግዳ አልፎ የጎረቤትን ሕፃን የሚቀሰቅሰውም እሱ ነው።

እንግዲህ ለትንሽ ሳሎን ትንሽ ስፒከር ይበቃል። ከጥግ ይውጣ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ ይበል፣ በጆሮ ቁመት ይቀመጥ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከሶፋው እስከ እነሱ ካለው ጋር ይመጣጠን። በተረፈው ገንዘብ ወፍራም ምንጣፍ፣ ከባድ መጋረጃና የመጻሕፍት መደርደሪያ ይገዛ። ምንጣፍና መጋረጃ ባሱን እምብዛም አይነኩትም፤ ስፒከሩ ትንሽ ይሁን የምለውም ለዚሁ ነው።

እንግዳ መጥቶ «ስንት ዋት ነው?» ካለ ዕቃውን አይቷል። «ይቺ ስንኝ ምን ማለቷ ነው?» ካለ ግን ሰምቷል።